መጀመሪያ ቴስተር፣ ከዚያ ካቻቪት

ለቤት ኤሌክትሪክ ሥራ መሣሪያ ልንገዛ ስንሄድ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ካቻቪትና ፒንሳ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ግዙ የምለው ቴስተር ነው። ኤሌክትሪክ በዓይን አይታይም፤ ሽቦው ላይ ኃይል መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ቴስተር ነው።

አባቶቻችን ቴስተር የሚሉት መያዣው ውስጥ ትንሽ መብራት ያለበትን ካቻቪት ነው። ጫፉን ሽቦው ላይ ያሳርፉና የመያዣውን ጀርባ በጣት ይነካሉ። ኃይል ካለ መብራቷ ትበራለች፤ የምትበራውም በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ በሰውነታችን በኩል ስለሚያልፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ እዚህ 120 ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ቴስተር ቶሮንቶ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ብርሃን በበዛበት ክፍል ጭራሽ ላይታይ ይችላል። መብራቷ አልታየችም ብሎ ሽቦ መንካት አደገኛ ነው።

ሽቦ ሳይነካ ኃይል የሚለይ፣ ብዕር የሚመስል ቴስተር አለ። ኃይል ሲያገኝ ይበራል፣ ይጮኻል። ስትገዙ በ120 ቮልት እንደሚሠራና የሲኤስኤ ምልክት እንዳለው ማሸጊያው ላይ እዩ። ስትጠቀሙበት ሦስት ጊዜ ፈትሹ፦

መጀመሪያ፣ ኃይል እንዳለው በምታውቁት፣ በሌላ ብሬከር ላይ ባለ ሶኬት ሞክሩት።

ቀጥሎ፣ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የምትሠሩበትን ሶኬት ፈትሹ። በካናዳ ብዙ ወጥ ቤቶች ውስጥ የአንድ ሶኬት ላይኛውና ታችኛው ክፍል ኃይል የሚያገኙት ከተለያየ መስመር ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ፈትሹ።

በመጨረሻ፣ ወደ መጀመሪያው ሶኬት ተመልሳችሁ ሞክሩት። የቴስተሩ ባትሪ መሃል ላይ አልቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ካቻቪት እንምጣ። አዲስ አበባ የተለመደው ጠፍጣፋና የመስቀል ጫፍ ያለው ነው። እዚህ ግን ብዙ ብሎኖች ራሳቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው። ይህ ሮበርትሰን ይባላል። ካናዳዊው ፒ. ኤል. ሮበርትሰን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ ፋብሪካውም ከቶሮንቶ ብዙ በማትርቀው ሚልተን ነበር። መጠኑ በቀለም ይለያል። ለቤት ሥራ አረንጓዴውና ከእሱ ተለቅ የሚለው ቀዩ ይበቃሉ። መያዣው ላይ «1000 ቮልት» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ፤ ተራ የፕላስቲክ መያዣ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል ተብሎ አይታመንም።

ከዚህ ሌላ ፒንሳ፣ ሽቦ መላጫና ናስትሮ ያስፈልጋሉ። ናስትሮ የምንለው ሽቦ የሚጠቀለልበትን ጥቁር ፕላስተር ነው። ካቻቪት፣ ፒንሳና ናስትሮ ሦስቱም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው።

መሣሪያ መያዝ ብቻ ግን ፈቃድ አይሆንም። ኦንታርዮ ውስጥ የቤቱ ባለቤት የራሱን ቤት ኤሌክትሪክ መሥራት ይችላል፤ አብዛኛውን ሥራ ግን ለኤሌክትሪክ ደህንነት ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። በክፍያ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ተቋራጭ መሆን አለበት። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ንገሩ። ሶኬቱን ስትከፍቱ የአሉሚኒየም ሽቦ ካያችሁም ባለሙያ ጥሩ።

አባታችሁ ሊያግዟችሁ መጥተው በድሮው ቴስተር «ምንም የለውም» ቢሉ፣ አትከራከሯቸው። «አባዬ፣ እስቲ በዚህኛውም እንየው» በሏቸውና አዲሱን ስጧቸው።