ያገለገለ የምግብ ዘይት ለናፍጣ ሞተር

ዘይት ከጥንት ጀምሮ ለምግብ፥ ለመብራትና ለቅባት ሲያገለግል ኖሯል። በዚህ ዘመን ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨምሮበት፥ ድንችና ዓሣ ሲጠበስበት ውሎ የጠቈረው ዘይት ከመጥበሻ ወጥቶ ወደ መኪና ሞተር ሲገባ በብዙ አገር ታይቷል። ነገሩ ለሰሚ ቀልድ ቢመስልም ሁለት ወገን ያለው ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። አንደኛው ወገን ዘይቱን አጥርቶና አሙቆ እንዳለ በናፍጣ መኪና ማቃጠል ይበቃል ይላል። ሁለተኛው ወገን ግን ዘይቱ በኬሚስትሪ ጥበብ ተለውጦ ባዮዲዝል ካልሆነ በቀር ሞተር ውስጥ መግባት የለበትም ይላል። የሚጠፋው የአንድ ሰው ሞተር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱን ለባለቤቱ መተው በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን የመንግሥት ቀረጥ፥ የከተማ ጽዳት፥ የሕዝብ ጤናና የምግብ ዘይት ዋጋ አብረው የተያያዙበት ጉዳይ ስለ ሆነ ከሥሩ መመርመር የተገባ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በስሙ የሚጠራውን ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ በ1897 በሚገባ ፈተነው። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የኦቶ ኩባንያ ያቀረበው አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ተነሥቶ ሠራ። ከዚህ የተነሣ ዲዝል ሞተሩን የፈጠረው ለተክል ዘይት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ዲዝል ራሱ እንደ መሰከረው ሞተሩ የተሠራው ለማዕድን ዘይት ነበር፤ በኋላም ምንም ሳይለወጥ በኦቾሎኒ ዘይት ሠራ። ሐሳቡን ያመጣው የፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ ይኸውም በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ኦቾሎኒ በብዛት ስለሚበቅል፥ ነዳጅ ከሩቅ ሳይመጣ እዚያው ኀይል ይገኝ እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። ዲዝልም በ1912 ስለዚሁ ሲናገር፥ የተክል ዘይት ለጊዜው ከቍጥር ባይገባም ወደ ፊት እንደ ማዕድን ዘይት ሊከበር እንደሚችል ተስፋውን ገለጠ። በማግሥቱ ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ሲሻገር ባሕር ላይ ጠፍቶ ሞተ።

ይሁን እንጂ የ1900ው ሞተርና የዛሬው ሞተር ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው የተለያየ ነው። የዛሬው ሞተር ናፍጣውን እንደ ጠጕር በቀጠኑ ቀዳዳዎች አሳልፎ፥ ከ1,600 ባር በሚበልጥ ግፊት እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። የተክል ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው፤ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ የጐመን ዘር ዘይት ውፍረት የናፍጣን 10 ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህ እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ በነጠብጣብ ይገባል፤ ነጠብጣቡም በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና በመርጫው አፍ ላይ ጥላሸት ሆኖ ይጋገራል። ያልተቃጠለውም ፒስቶኑን በከበቡት ቀለበቶች መካከል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል፤ እዚያም ውሎ ሲያድር የሞተሩን ዘይት እንደ ሙጫ ያረጋዋል። ዘይቱ በመጥበሻ የዋለ እንደ ሆነ ጕዳቱ ይብሳል፤ ስለምን ቢሉ ከምግቡ ውሃና ጨው ፍርፋሪም ይዟል፥ ደጋግሞ በመሞቁም አሲድ አበጅቷል። ፍርፋሪው በፊልትሮ ይያዛል፤ ውሃውና አሲዱ ግን በጨርቅ ተጠልለው አይወጡምና ፓምፑን ይበሉታል።

የዚህ ጕዳት ክፋቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። መኪናው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በደኅና ሊሄድ ይችላል፤ ጭሱም ጥብስ ጥብስ ከመሽተቱ በቀር ሌላ ምልክት አያሳይም። ባለቤቱ ናፍጣ የሚገዛውን ጐረቤቱን እያየ ሲስቅ ይከርማል። አንድ ቀን ሞተሩ ተፈትቶ ሲታይ ግን፥ በየሳምንቱ የተቈጠበው ገንዘብ ተደምሮ የፓምፑን ዋጋ እንኳ አይሞላም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለእውነት ሲባል ግን የመጀመሪያው ወገን ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም። ነገሩን በጥንቃቄ የያዙት ሰዎች መኪናቸው ላይ ሁለተኛ የነዳጅ መያዣ ያስገባሉ፤ ሞተሩን በናፍጣ አስነሥተው፥ ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ሙቅ ውሃ ዘይቱን እስኪቀጥን ያሞቁታል፤ ከዚያ ወደ ዘይት ያዞራሉ፤ ከማቆማቸውም በፊት ቧንቧው እንዲጠራ ወደ ናፍጣ ይመልሳሉ። ግፊታቸው ዝቅተኛ የሆነ አሮጌ ሞተሮች ይህን ይታገሡታል። ሉድቪግ ኤልስቤት የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስም ጥሬውን የተክል ዘይት እንዲያቃጥል ተብሎ የታሰበ ሞተር ሠርቷል። በጀርመን አገር ጥቂት የማይባሉ ገበሬዎችና የጭነት መኪና ባለቤቶች በጐመን ዘር ዘይት ይነዱ ስለ ነበር፥ ለዚሁ ዘይት ዲ.አይ.ኤን. 51605 የተባለ የጥራት ደንብ ወጣለት። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው፥ ያ ደንብ የወጣው ከመጭመቂያ ለወጣ ንጹሕ ዘይት ነው። መጥበሻ ላይ የዋለውን አይጨምርም።

ባዮዲዝል የተባለው ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። ሻቫን የተባለ የብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ1937 በቤልጅግ አገር የፈጠራ መብት አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት በዚህ ዘዴ የተለወጠ የፓልም ዘይት የሚያቃጥል አውቶቡስ በብራስልስና በሉቨን መካከል ተመላለሰ። ሻቫን የተጠቀመበት የታወቀውን አልኮል ነበር፤ ዛሬ ግን በብዛት የሚሠራው ሜታኖል በተባለው ነው። 100 ኪሎ ዘይት ከ11 ኪሎ ያህል ሜታኖልና ከጥቂት ካስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝል ይወጣል፤ 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ደግሞ ከሥር ይዘቅጣል። የባዮዲዝሉም ውፍረት ከናፍጣ ጋር ይቀራረባል። ዘይቱ ውሃና አሲድ የበዛበት ከሆነ ግን ካስቲክ ሶዳው ነዳጁን ትቶ ሳሙና ይሠራል፤ ስለዚህ ያገለገለ ዘይት አስቀድሞ መድረቅና አሲዱ መታከም አለበት። በ2003 የወጣው ኢ.ኤን. 14214 የተባለው የአውሮጳ ደንብ በአንድ ኪሎ ባዮዲዝል ውስጥ ውሃው ከ500 ሚሊግራም፥ ሜታኖሉም ከመቶ 0.2 እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን በጓሮ በርሜል ውስጥ ማን ይለካዋል? ሜታኖል ቢጠጣ ዐይን ያጠፋል፥ ይገድላልም፤ ሲቃጠልም ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዐይን እምብዛም አይታይም። በቤታቸው ባዮዲዝል የሚጠምቁ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት በተገባ ነበር።

ባዮዲዝልም ቢሆን ነቀፌታ አያጣም። ኀይሉ በሊትር ከናፍጣ ጥቂት ያንሳል፤ ብርድ ሲመጣ ይረጋል፤ በአሮጌ መኪና ውስጥ የከረመውን ዝቃጭ አንሥቶ ፊልትሮውን ይደፍናል፥ የጎማ መዝጊያዎችንም ያላላል። የአውሮጳ ደንብ በተራው የናፍጣ ማደያ ከመቶ 7 እጅ ብቻ እንዲደባለቅ የፈቀደው ይህን በማወቅ ነው።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። በ2002 በዌልስ ውስጥ ላኔሊ በተባለች ከተማ፥ ቀረጥ ሳይከፍሉ በምግብ ዘይት ሲነዱ የተገኙ ሰዎች ተይዘው ተቀጥተዋል፤ ከ2007 ጀምሮ ግን የእንግሊዝ መንግሥት በዓመት ከ2,500 ሊትር በታች ለሚሠራ ሰው ቀረጡን ተወለት። ጀርመን በአንጻሩ ከ2006 ጀምሮ ቀረጡን ደረጃ በደረጃ ስትጨምር፥ በንጹሕ ዘይትና በንጹሕ ባዮዲዝል የሚነዳው ሰው ቍጥር ወደቀ።

ይህ ሁሉ ክርክር ሲደረግ ዘይቱን የሚያፈሰው ከተማ ተረስቷል። በ2017 በለንደን ከተማ ኋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መሄጃ ውስጥ፥ ስብና ዘይት ከቆሻሻ ጋር ረግቶ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው ድንጋይ መሰል ክምር ተገኘ። ሠራተኞች እየፈለጡ ለማውጣት ሳምንታት ፈጀባቸው። የኦስትርያዋ ግራዝ ከተማ ግን ከ1994 ጀምሮ ከምግብ ቤቶችና ከየቤቱ ያገለገለውን ዘይት እያሰበሰበች፥ በሙሬክ ባለው የገበሬዎች ማኅበር ፋብሪካ እያስለወጠች ለአውቶቡሶቿ አደረገችው፤ ከጊዜ በኋላም ከመቶ የሚበልጡ አውቶቡሶች ተነዱበት። የጃፓኗ ኪዮቶም በ1997 የጽዳት መኪናዎቿን በዚሁ ነዳጅ ማስነዳት ጀመረች፤ በ2004 በቀን 5,000 ሊትር የሚያወጣ ፋብሪካ አቆመች። በነዚህ ከተሞች ዘይቱን የሰጠው ሕዝብ፥ የለወጠው ፋብሪካና ያቃጠለው አውቶቡስ የሚተዋወቁ ጐረቤታሞች ነበሩ። ጥራቱን የመረመረው ሰውም ከየት እንደ መጣ ያውቅ ነበር።

መንገዱ ሲረዝም የሆነውን ደግሞ የአውሮጳ ኅብረት ያውቀዋል። በ2009 የወጣው ሕግ ከቆሻሻ የተሠራውን ነዳጅ በሂሳብ ሁለት እጥፍ እንዲቈጠር አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የእህልና የምግብ ዘይት ወደ መኪና እንዳይሄድ ነው። ነገር ግን የተጣለው ዘይት ዋጋ ከፍ ሲል፥ ከቻይና የሚመጣው ዘይትና ባዮዲዝል እጅግ በዛ፤ ትኩስ የፓልም ዘይት ያገለገለ ተብሎ ይሸጣል የሚል ጥርጣሬም ተነሣ። ጥቂት ትኩስ ዘይት የተጨመረበትን በላቦራቶሪ መለየት ከባድ ነው። ኅብረቱ በ2024 በቻይና ባዮዲዝል ላይ ጊዜያዊ ቀረጥ ጣለ፥ በ2025ም አጸናው። ቆሻሻ የነበረው ነገር ገንዘብ በሆነ ጊዜ ሐሰተኛው ቆሻሻ ወዲያው ይሠራለታል።

ኢትዮጵያ ነዳጅዋን በሙሉ፥ ከምግብ ዘይቷም ብዙውን ከውጭ ትገዛለች። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ቢከለከልም፥ ቀድሞ የገባው የጭነት መኪናና አውቶቡስ ገና ናፍጣ ይጠጣል። ትኩስ ዘይት በሞተር ማቃጠል ከድሀው ድስት መቀነስ ስለ ሆነ ሊታሰብ አይገባም። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ፥ በጾሙም ወራት ዓሣ ሲጠበስበት የዋለው ዘይት ግን ሁለት መጥፎ መንገድ አለው፤ ወይ ወደ ቦይ ይፈስሳል፥ ወይ ለጤና እስከማይበጅ ድረስ እየተደጋገመ ይጠበስበታል። ባለመኪናው ይህን ዘይት በጀሪካን እየገዛ እንዲያፈስስ ከመፍቀድ ይልቅ፥ ማዘጋጃ ቤት ከትልልቅ ሆቴሎች ጀምሮ በሚዛን ይረከበው፤ ከሰጪው ስም ጋርም በመዝገብ ይጻፍ። ዘይቱ የሚለወጥበት ስፍራ ከመመሥረቱ በፊት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይቁም። ነዳጁም በመጀመሪያ ከናፍጣ ጋር በጥቂቱ ተደባልቆ በከተማው የቆሻሻ መኪናዎች ይሞከር፤ ፊልትሯቸውም ምን እንደ ያዘ በየጊዜው እየተፈታ ይታይ።