ስለ ተጣጣፈ የመኝታ ልብስና ስለ ክሩ ቀለም

ድሪቶ የሚለው ቃል በአገራችን ንግግር ለድኻ ልብስ የተሰጠ የንቀት ስም ነው። ይሁን እንጂ ከእራፊ ጨርቅ የተጋጠመ ልብስ ሁሉ ድሪቶ አይደለም። ያው አቡጀዲ፣ ያው የካኪ ቁራጭ በአንዲቱ እጅ ድሪቶ ሲባል በሌላይቱ እጅ የእልፍኝ ጌጥ ይሆናል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ እኛ ተመልክተን እንደ ተረዳነው ዋናው የክሩ ቀለም ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በጋቢና በቡሉኮ ለሚተኛ ሕዝብ ሥራው እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ከላይ የተጋጠመው እራፊ፣ ከመካከል የተነደፈ ባዘቶ፣ ከታች ገበር ይሆንና ሦስቱ ባንድነት በመርፌ ይያያዛሉ። አንድ ጨርቅ ብቻ የሚሰፋ ሰው ክሩን ከጨርቁ ጋራ ያመሳስላል። በሃያ ዓይነት እራፊ ላይ የሚያልፍ አንድ ክር ግን ከየትኛው ጋራ ይመሳሰላል?

በየቤቱ የተለመደው መልስ ነጭ ክር ነው፤ ነጭ ክር ከቤት አይጠፋምና። እኛ ይህን አንወድም። ነጩ ክር በጥቁርና በሰማያዊ ጨርቅ ላይ በእያንዳንዱ ጠማማ ስፌት እንደ ምስክር ቆሞ ይናገርበታል።

ቁም ጸሐፊዎች የመጽሐፉን ቃል በጥቁር ቀለም ጽፈው የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋሉ፤ ሁሉ በቀይ ቢጻፍ ስሙን ከሌላው ማን ይለየው ነበር? ክርም እንዲሁ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ንብርብሩን ይዞ ራሱን ይሰውራል፤ ሁለተኛው ሆን ተብሎ ይታያል። ልብሱን ድሪቶ የሚያሰኘው ከሁለቱ አንዱን ሳይቈርጡ መርፌ መያዝ ነው።

ክሩ እንዲሰወር የፈለገች እመቤት እራፊው ፈዛዛ ቢሆን የገለባ መልክ ያለውን፣ ጠቈር ያለ ቢሆን አመድማውን ትምረጥ። በሁለት ክር መካከል ብታመነታ ጠቈር ያለውን ትውሰድ። ጥቅሉን አይታ ግን አትፍረድ፤ ክር በጥቅሉ ሳለ ከነጠላው ይልቅ ጠቍሮ ይታያል። አንድ ክንድ ያህል ፈትታ በእራፊው ሁሉ ላይ ታጋድመውና በደጃፍ፣ በቀን ብርሃን፣ ራቅ ብላ ትመልከተው። የመብራት ብርሃን ቀለምን ያሳስታል።

የሚታየውን ክር በሚመለከት ከጃፓኖች የምንማረው አለ። ሳሺኮ በሚባለው ሥራቸው በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ይሰፋሉ፤ ነገር ግን ስፌቱ ሁሉ እኩልና ቀጥ ያለ ነው። የቤንጋል ሴቶች ደግሞ ካንታ ለሚሉት ልብስ ከአሮጌ ሳሪ ጠርዝ ባለ ቀለሙን ክር እየመዘዙ ይሰፉበት ነበር። የእኛም አሮጌ ቀሚስ ጥለት ለዚህ ይበጃል፤ ያረጀ ክር ይበጠሳልና ለጌጡ እንጂ ንብርብሩን ለመያዝ አይሁን።

በከተማችን ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት ይገኛል። በዚያ የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች የትራስ ልብስና የግድግዳ ጌጥ በደማቅ ክር እየጠለፉ ሲሸጡ ኖረዋል። ደዌው ነርቭን ጐድቶ ጣትን ስለሚያደነዝዝ መርፌ ቢወጋቸው እንኳ የማይሰማቸው አሉ። እንዲህ ባለ እጅ የተሠራውን ሥራ ገዢው ክሩን አይቶ ድሪቶ ነው ቢል የሚጐድለው የዕለት እንጀራቸው ነው። ስለዚህ የክር ቀለም መምረጥ የባለጠጋ ቤት ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታይ እንለምናለን።

ቀይና ጥቁር ክር ቀለሙን እንዳይለቅ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ነክሮ በሁለት ነጭ ጨርቅ መካከል መጫን ያስፈልጋል፤ ነጩ ከቀላ ክሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመርካቶ ሲገዛም ለጠቅላላው ሥራ የሚበቃው ባንድ ቀን ይገዛ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ቍጥሩ አንድ ቢሆን እንኳ መልኩ ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ ልዩነቱም የሚታወቀው ልብሱ ከእኩሌታ በላይ ከተሰፋ በኋላ ነው።