ስለ ወጣቶች ልብ ወለድና በውስጡ ስላልተገኙት ወጣቶች

በ2023 በሐምሌ ወር በሀንጋሪያ ዋና ከተማ በቡዳፔስት «ሊራ» የሚባል የታወቀ የመጻሕፍት ንግድ ድርጅት 12 ሚሊዮን ፎሪንት መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነበት። ጥፋቱ ግብር መደበቅ ወይም ገዢ ማታለል አልነበረም። አንድን የወጣቶች መጽሐፍ በወጣቶች መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ያውም በላስቲክ ሳያሽግ፣ በመሸጡ ነው። ድርጅቱም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። እኛ ዛሬ የምንመለከተው ግን የክርክሩን ፍጻሜ ሳይሆን መነሻውን ነው፤ ይኸውም አንድን ልብ ወለድ እንደ መርዝ ጠርሙስ አሽጎ መሸጥ ለምን አስፈለገ የሚለውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ «ሃርትስቶፐር» ይባላል። እንግሊዛዊ ደራሲ አሊስ ኦስማን ከ2016 ጀምሮ በሥዕል እየነደፉ ያወጡት ተከታታይ ታሪክ ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ ተከታታይ ፊልም ሆኖ በብዙ አገር ታይቷል። ቻርሊ የሚባል ተማሪ በክፍል ውስጥ ኒክ ከሚባል የራግቢ ተጫዋች አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ልጆች በመጀመሪያ ይላመዳሉ፣ ቀጥሎም ይፋቀራሉ። ነገሩ ይኸው ነው። በ2021 የወጣው የሀንጋሪያ ሕግ ግን የተመሳሳይ ፆታን ፍቅር 18 ዓመት ላልሞላቸው ማሳየትን ስለ ከለከለ፣ የታሪኩ ጨዋነት መጽሐፉን ከላስቲክ አላዳነውም። በቋንቋችን ለዚህ ነገር የተለመደው ቃል ገና ከአፍ ሲወጣ ፍርዱን አብሮ የሚሰጥ ነው። እኛ የተነሣነው ለመመርመር በመሆኑ «የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር» እያልን መጻፉን መርጠናል።

ስለዚሁ ፍቅር የሚናገሩ የታላላቅ ደራሲዎች ሥራዎች በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡ ብዙ ዘመን አልፏል። አንባቢያቸው ጥቂት፣ አብዛኛውም ጎልማሳ ስለ ሆነ ዛሬ ብዙ ሰው አይቆጣባቸውም። ጠቡ የሚበረታው ታሪኩ ወደ ተማሪ ቦርሳ ሲገባ ነው። ቁጣውም ቢሆን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጣት ፍቅር ምን እንደሚመስል ከራሱ ኑሮ አስቀድሞ የሚማረው ከሚወደው ታሪክ መሆኑን የሚቆጡትም ያውቁታልና። ከወላጆቻችን ስንቱ ነው ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ያልተማረ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ አድማጩ ያዘነው ለማያውቃቸው ለሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም፤ በልቡ ይዞት የኖረውን ነገር ሌላ ሰው ሲናገርለት በመስማቱ ጭምር ነው። ይህን ዕድል ፈጽሞ ያላገኘ ወጣት፣ ልቡ የሚነግረውንና በዙሪያው የሚነበበውን ማስታረቅ አቅቶት፣ በዓለም ላይ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ፍጡር የሌለ ይመስለዋል። የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካን አገር ይህ ወጣት በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ብቅ ማለት የጀመረው በ1969፣ ጆን ዶኖቫን በጻፉት መጽሐፍ ነው። ዴቪ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ከጓደኛው ጋር ይሳሳማል፤ ጥቂት ቆይቶ የሚወደው ውሻው በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፤ ልጁም ውሻዬ የሞተው በእኔ ኃጢአት ነው ብሎ ያስባል። ደራሲው ልጁን አልኮነኑትም፤ ለዘመኑም ድፍረት ያለበት ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ እርሱን ተከትለው በወጡት በብዙዎቹ መጻሕፍት እንዲሁ መኪና ይጋጫል፣ ሰው ይሞታል፣ ወዳጅ ይለያያል። አንባቢው ወጣት ራሱን አገኘ ቢባልም ያገኘው በመቃብር አፋፍ ላይ ነው።

ይህን ልማድ ካፈረሱት አንዱ በ1982 የወጣው የናንሲ ጋርደን «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» ነው። ሁለት ልጃገረዶች ይፋቀራሉ፣ ይጋለጣሉ፣ ይለያያሉም፤ ታሪኩ የሚያልቀው ግን በዕርቅ ነው። በ1993 የመጽሐፉ ቅጂዎች በካንሳስ ሲቲ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች በስጦታ ሲታደሉ ተቃዋሚዎች በአደባባይ አቃጠሉት፤ ኦሌቴ በምትባለው ከተማም የትምህርት ባለ ሥልጣኖች ከቤተ መጻሕፍት አስወጡት። ተማሪዎችና ወላጆች ከሰሱ፤ በ1995 የፌዴራል ዳኛ መጽሐፉ ወደ ቦታው እንዲመለስ ፈረዱ። ስለ ሞት የሚተርከው ሳይሆን በደኅና የሚያልቀው መጽሐፍ ይህን ያህል እሳት መጥራቱ ያስገርማል።

ወጣቱን በመጽሐፍ ውስጥ አስገባን የሚሉት ሁሉ ግን በእኩል አይመሰገኑም። የ«ሃሪ ፖተር» ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሰባተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2007፣ በኒው ዮርክ ከአንድ አንባቢ ተጠይቀው የትምህርት ቤቱ አዛውንት ኃላፊ ደምብልዶር ወንድ የሚያፈቅሩ ሰው መሆናቸውን ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛ ግን ይህን ከጨዋታ አናስበልጠውም፤ በሰባቱም መጻሕፍት ውስጥ በግልጥ የተጻፈ ነገር የለምና። መጽሐፉን አንብቦ ለጨረሰ ልጅ ኋላ በጋዜጣ የሚነገረው ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም። ሪክ ራይርደን በ2013 በ«ዘ ሃውስ ኦቭ ሄዲስ» ያደረጉት ይበልጣል። የግሪክ አማልክት ልጆች በሚዋጉበት በዚያ ታሪክ ኒኮ የተባለው ልጅ ለጓደኛው ለፐርሲ ጃክሰን የነበረውን፣ ሸሽጎ ያቆየውን ፍቅር በኩፒድ ፊት ተገዶ ይናዘዛል። ይህ በገጹ ላይ የታተመ ነው። ለጦርነቱና ለአውሬዎቹ ሲል መጽሐፉን የገዛ ልጅ ሁሉ ሊዘለው አይችልም፤ ኒኮን የመሰለውም ያነበዋል፣ ያልመሰለውም፣ በክፍሉ ውስጥ ኒኮን በመሰለ ልጅ ላይ ሲስቅ የዋለውም ያነበዋል። ብዙ ሰው የሚያነበው መጽሐፍ ከጥቂቶች መጽሐፍ የሚበልጥበት ጥቅሙ ይህ ነው።

«ልጅ ራሱን በመጽሐፍ ይግኝ» የሚለው ክርክር በአሜሪካ የተጠናከረው በጥቁሮች ጥያቄ ነው። በ1965 ናንሲ ላሪክ ከ1962 እስከ 1964 የታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን አስመርምረው፣ ጥቁር ሰው ጨርሶ የታየባቸው 349ኙ ብቻ፣ ማለት ከመቶ 6.7 ብቻ መሆናቸውን ጻፉ። በ1990 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ መጽሐፍ ለልጅ የራሱን ፊት የሚያይበት መስተዋትም፣ የሌላውን ኑሮ የሚያይበት መስኮትም እንደ ሆነ አስረዱ። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ለመረዳት አስተማሪ የሚያሻቸው አይደሉም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ባመጣው መጽሐፍ ላይ እንጀራ የሚቆርስ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ቢያገኙ ደስታቸውን መገመት አያዳግትም።

እነዚሁ ወገኖቻችን ግን በዚህኛው ክርክር በሌላው ወገን ቆመው ታይተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ አውራጃ የትምህርት ቦርድ በ2022 ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅርና ጋብቻ የሚናገሩ የሥዕል መጻሕፍትን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አገባ። በመጀመሪያ ያልወደደ ወላጅ ልጁን ከንባቡ ሰዓት ማስወጣት ይችል ነበር፤ በመጋቢት 2023 ይህ ፈቃድ ተሻረ። በዚያን ጊዜ ለተቃውሞ ከተሰለፉት ወላጆች መካከል እስላሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ብዙዎች ነበሩ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሰኔ 27 ቀን 2025 ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ ለወላጆቹ ፈረዱ። ፍርዱ መጻሕፍቱን አልከለከለም፤ ወላጆቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ አዘዘ እንጂ።

እነዚህን ወላጆች አላዋቂዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለንም። የ5 ዓመት ልጅ መምህሩ ያነበበለትን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበላል፤ ወላጅም ምን እንደ ተነበበለት ልወቅ ማለቱ ተገቢ ነው። የ16 ዓመት ተማሪ በገዛ እጁ ከመደርደሪያ የሚያነሣው ልብ ወለድ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሱ ጥያቄውን ይዞ ወደ መጽሐፉ የሚሄድ እንጂ ጥያቄውን ከመጽሐፉ የሚያመጣ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ አማርኛ ከሚነገርባቸው ቤቶች በአንዱ እንኳ እንደ ኒኮ ያለ ልጅ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው? በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ግንኙነት የሚቀጣ በመሆኑ ክርክሩ እኛ ዘንድ በዚህ መልክ አልተነሣም። ሕጉ የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው፤ አንድ ልጅ ለማንም ሳይናገር በልቡ የሚሸከመውን አይመለከትም፤ ያንን ብቻውን የሚሸከም ልጅ ደግሞ በየትኛውም አገር ይገኛል።

ስለ እርሱ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል የእንግሊዝ አገር ታሪክ ያሳያል። ከሁለት ወንዶች ጋር ስለምትኖር አንዲት ልጅ የሚተርክ ከዴንማርክ የመጣ አነስተኛ መጽሐፍ በ1986 በጋዜጦች ብዙ ጩኸት ከተነሣበት በኋላ፣ በ1988 «ክፍል 28» የተባለው ሕግ ወጣ። የአካባቢ አስተዳደሮች የተመሳሳይ ፆታን ፍቅር እንዳያስፋፉ የሚከለክል ነበር። በዚህ ሕግ አንድም ሰው ተከሶ አልተፈረደበትም። ሆኖም ሕጉ ሳይቀጣ ሠራ፤ መምህራን ምን እንደ ተፈቀደ ምን እንደ ተከለከለ በትክክል ባለማወቃቸው፣ በዚህ ምክንያት የሚሰደብና የሚደበደብ ተማሪ ሲያዩ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ለመምከር ይፈሩ ነበር። ስኮትላንድ በ2000፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ሻሩት። በዚያ ዓመት የኋላው የ«ሃርትስቶፐር» ደራሲ በእንግሊዝ አገር የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ።