ቃለ መጠይቁ ከቤት ይጀምራል



የስፔሻሊቲ ትምህርቱን የፈጸመ ሐኪም ፌሎሺፕ ለሚባለው ከፍተኛ ሥልጠና ሲያመለክት፣ ማስረጃዎቹ ከታዩለት በኋላ የሚጠብቀው ትልቁ ደጃፍ ቃለ መጠይቁ ነው። ብዙዎች ለዚያች ሰዓት የሚዘጋጁት መጻሕፍትን በመከለስ ብቻ ነው። ሆኖም ጠያቂዎቹ ከዕውቀቱ ባሻገር የሰውየውን ዓላማና ጽናት መመዘን ይሻሉ። ስለዚህ ዛሬ፣ ዓይኑን ወደ ናይሮቢ ለጣለ የጦር ሐኪምና ለባለቤቱ ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

ናይሮቢ በሕክምና ትምህርት የቆየች ጎረቤት ናት። የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከነጻነት በኋላ በ1964 ነው። ዛሬ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሕክምና ትምህርት ቤትም በ1967 ሥራ ጀምሯል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ይህን ሙያ?» የሚል ነው። የኩላሊት ሕክምናን የመረጠ ሐኪም «እወደዋለሁ» ቢል አይበቃውም። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ሆነ፣ ሙያው ገና ብዙ ባለሙያ እንደሚሻ፣ ራሱም በሥራው ምን እንዳየ ቢያስረዳ ግን መልሱ ሥር ይኖረዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ያልቀናውን ሥራ ይመለከታል። እዚህ ላይ ነርሷን ወይም የመሣሪያ እጥረትን መክሰስ አያስከብርም። የሆነውን በቅደም ተከተል ተናግሮ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ለወጠ መግለጽ ይገባል። በእጁ የሠራውንና በረዳትነት የተካፈለበትንም ለይቶ፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ ይያዝ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከመጽሐፍም ከመዝገብም አይገኝም። «ስትጨርስ ትመለሳለህን? ቤተሰብህስ እንዴት ይኖራል?» ይባላል። ባልና ሚስት ያልመከሩበትን ተስፋ በሰው አገር መስጠት ትዳርን ያናጋል። ደመወዙ ይቀጥላልን? የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል? የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት ነው? የታመመች እናት ብትኖር ማን ያስታምማታል? ይህ ሁሉ ከማመልከቻው በፊት በወረቀት ላይ ይስፈር። ሚስት «አይሆንም» ለማለትም መብት አላት፤ ዛሬ ያልተነገረ ቅሬታ ነገ በደብዳቤ ይመጣልና። ሐኪሟ ሚስት በሆነች ጊዜም ባል ይህንኑ ምክክር ይወቅበት።

ውድ እኅታችን! ሕክምና ባይማሩም እንኳ ጥሩ ጠያቂ ይሆናሉ። ማታ ልጆች ሲተኙ ሰዓት ይዘው ይጠይቁት፤ ለእያንዳንዱ መልስ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በዚያው ቋንቋ ድምፁን አውጥቶ ይለማመድ፤ ከዚያ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ይንገርዎ። እርስዎ ካልገባዎት መልሱ ገና አልበሰለም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም ሰው ይጥላሉ። የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላሉ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ያንኑ ሰዓት 9:00 ብሎ ይጽፋል፤ ይህን ያላስተዋለ በዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ደርሶ በር ተዘግቶ ያገኛል። በዲፕሎማው ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ከሆነ ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፣ በትርጉሙ በግልጽ ይመልከት። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱም በዲፕሎማውም በአንድ ፊደል አጻጻፍ ይስፈር። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነም መብራትና ኔትወርክ የማይቋረጥበት ጸጥ ያለ ክፍል አስቀድሞ ይፈለግ።

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን፣ ዝግጅቱ ከወራት በፊት ይጀመር። ጠያቂዎቹ ፊት የሚቀርበው አንድ ሰው ቢሆንም፣ መልሱ የሁለት ሰው ምክር ይሁን። መልካም ዕድል!