ካልሲየም የእናትን መርሳት ይመልሳል?

«እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች፤ ስሜን ከታናሽ እህቴ ስም ጋር ታምታታለች። አንዲት ጎረቤታችን ‹አንጎሏ ካልሲየም አንሶት ነው› ስላሉኝ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ኪኒን እገዛላታለሁ። ለውጥ ግን የለም። መጠኑን ልጨምርላት?» የምትል አንባቢያችን ጽፋልናለች።

እህታችን፣ እንዳትጨምሪ! ጎረቤትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ካልሲየም በእርግጥ ከማስታወስ ጋር ጉዳይ አለው። በእርጅና ጊዜ የሚያስቸግረው ግን ማነሱ ሳይሆን ሥርዓት ማጣቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። የአንጎል ሴል ደግሞ ካልሲየምን ደጅ ያቆመዋል፤ ውጭ ያለው ውስጥ ካለው 10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። መልእክት ሲመጣ በሩ ለቅጽበት ይከፈታል፣ ጥቂት ይገባል፣ ሥራውን ሠርቶ ወዲያው ተጠርጎ ይወጣል። መማርም ማስታወስም ያለዚህ መግባትና መውጣት አይሆንም።

ዕድሜ ሲገፋ ዘበኛው ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ1984 ላንድፊልድና ፒትለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያረጁ አይጦችን አንጎል ሲመረምሩ፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የማስታወሻ ክፍል ካልሲየም የሚያስከትለው የሴሎች ዝምታ ረዝሞ አገኙት። ሴሉ ለሚቀጥለው መልእክት ቶሎ አይነቃም ማለት ነው። በ1989 ደግሞ ኒሞዲፒን የተባለው የካልሲየምን በር የሚያጠብ መድኃኒት ያረጁ ጥንቸሎች ቶሎ እንዲማሩ ረድቷል። ሰው ግን ጥንቸል አይደለም፤ መድኃኒቱ ለሰው የመርሳት ችግር ፈውስ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ኪኒንሽ ይህን በር አይጠግነውም። እንዲያውም ደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ ሲያልፍ ራሱ ሰውን ያደናግራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሐኪም ለአጥንቷ አዝዞላት ከሆነ ግን በታዘዘው ልክ ትውሰድ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፤ እነዚህ መላ አላቸው። ቁልፍ መርሳትና ስም ማምታታት ብቻውን በሽታ ነው አይባልም። የለመደችው መንገድ ከጠፋባት ወይም ድስት ጥዳ መርሳት ካበዛች ግን አትዘግዪ። በድንገት ከተደናገረች ወይም አንደበቷ ከተያዘ ያኔውኑ ሆስፒታል አድርሻት። ደም ግፊቷን አስለኪ፣ አብረሻት በእግር ተጓዢ።

የኪኒኑን ገንዘብ ለምርመራ አውዪው። ደግሞ በሰው ፊት «ረሳሽ እንዴ?» እያልሽ አታሸማቅቂያት።