መዝጊያ የሌለው እልፍኝ



ክረምት በገባ ቁጥር እናቶችን ለብቻቸው ሰብስበን የምናስተምረው ትምህርት አለ። ርእሱ በየዓመቱ ይለዋወጣል እንጂ ጭብጡ አንድ ነው፤ የግል የጥሞና ጊዜ። በማለዳ ተነሡ፣ ጸጥ ያለ ስፍራ ፈልጉ፣ በሩን ዝጉ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከጌታ ጋር ሁኑ። ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ከወጣን ጀምሮ ይህን ስናስተምር ኖረናል። እናቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ አይተንም "ቃሉ ነካቸው" እያልን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ተመልሰናል። ያንን አንገት መድፋት በትክክል አንብበነው ነበር ወይ? ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለ ተጠራጠርን ነው።

ጥርጣሬው የመጣብን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የሐምሌ ማክሰኞ ነው።

ቤታችን አዲስ ዘመን ዳር፣ ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ ነው። በበጋ ደኑ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሐምሌ ግን ጉሙ እስከ ጓሯችን ድረስ ይወርዳል። ዘግይተን ስለ ወለድን፣ አምሳን ካለፍን በኋላም ልጆቻችን ትንንሾች ናቸው። ትልቋ ስምንት፣ ወንዱ አምስት፣ ትንሿ ገና ሁለት ዓመት ተኩል። በዚያን ቀን የልጆቹ እናት ወረታ ለቅሶ መድረስ ነበረባትና ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ አለች። እኛም ቅዳሜ ለወላጆች የምንሰጠውን ትምህርት ለማዘጋጀት ጥሩ ቀን አገኘን ብለን ነበር። የትምህርቱ ርእስ "ክርስቲያን ቤተሰብ" ነበር።

12 ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችን መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን ተቀመጥን። አንድ መዝሙር ሳንጨርስ ትንሿ በራሰ ልብስ ከመኝታዋ ተነሥታ እያለቀሰች መጣች። እሷን ስናጥብ ወንዱ ራበኝ አለ። መብራት ጠፍቷል። እንጨቱ ሌሊቱን ዝናብ መቶታል፤ ብንነፋው ጭስ ብቻ ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ ጭሱን አይተው በገል ፍም ይዘውልን መጡና ምድጃውን በሁለት ደቂቃ አስነሡት። ወተቱን ጥደን የትንሿን ልብስ ስንፈልግ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ትንሿ ከወረደች ስለምታለቅስ በመጨረሻ በአንቀልባ አዘልናት። እትዬ ሁለተኛ ፍም ይዘው ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ "ፓስተር አዝሎ አየሁ! እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ገና 3 ሰዓት አልሆነም ነበር።

የትናንሽ ልጆች ቤት ያላችሁ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲበረታ የጎረቤት ልጆችም ገቡ፤ ስድስት ሆኑ። ጭቃው ከእነርሱ ጋር ገባ። የታጠበው አይደርቅ፣ የደረቀው አይበቃ። ትንሿን ለማስተኛት ጓዳ ገብተን ስንወጣ፣ ወንዱ ልጃችን በጓሮ በሚወርደው ጎርፍ ላይ የወረቀት ጀልባ እየለቀቀ ነበር። ወረቀቱ የ"ክርስቲያን ቤተሰብ" ማስታወሻችን ነው። አራት ገጽ ሄዷል፤ አምስተኛው በእጁ ነበር።

መታነው። ሁለት ጊዜ፣ በንዴት።

ይህን መጻፍ አያስደስተንም። "ተቀጣ" ብለን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ቅጣት አልነበረም። ከማለዳ ጀምሮ ሲጠራቀም የዋለ ድካም ነው፣ ምክንያት አገኘና ወጣ። ልጁ አልጋ ሥር ገብቶ ዝም አለ። የቀሩት አምስቱም ዝም አሉ። ስንመኘው የዋልነው ጸጥታ መጣ፤ ጸጥታው ግን ልጆች አባታቸውን ሲፈሩ የሚመጣው ዓይነት ነበር።

እኛ ባደግንበት ባህል አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ሥልጣኑ ይረክሳል ይባላል። ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ሲያዝ (ኤፌ. 6፥4) ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንደ ሰበክንበት አንቆጥረውም። ጕልበታችንን አጥፈን አልጋ ሥር አጎንብሰን፣ "የመታንህ ተናድደን ነው፤ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለን" ስንለው ግን ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብነው መሰለን። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ "እሺ። ግን አባዬ፣ ጀልባዎቹ ሄደዋል" አለ። የት እንደ ሄዱም ጠየቀ። ውሃው ወደ ርብ፣ ርብም ወደ ጣና እንደሚወስዳቸው ነገርነው።

10 ሰዓት አካባቢ የልጆቹ እናት ደወለች። መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪና የለም፣ ዘመድ ቤት አድራለሁ አለች። ሌላ ነገር ሳንባባል መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግሞም አልሠራም። በእነዚህ ዓመታት እንዲህ ያለ ስልክ ምን እንደሚያሳድር በክልላችን የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ማታ ስንጸልይ ከርብ ማዶ ያለችውን እናታቸውን ለጌታ አደራ ሰጠን። ወንዱ ከአሜን በኋላ፣ "ጀልባው እማዬ ጋ ይደርሳል?" አለ። መልስ አልነበረንም። ትልቋ ግን፣ "ጸልየናል አይደል? ተኛ" አለችው።

ያን ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወደ ማለዳው ሐሳባችን ተመለስን። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የማለዳ ጥሞናችን እንዴት ጸጥ ያለ ሆነ? የጸሎት ሰው ስለሆንን ነው እንል ነበር። እውነቱ ግን በዚያው ሰዓት በማድቤት ውስጥ አንዲት ሴት እሳት ታነድ ነበር፤ ልጅም ይዛ ነበር። የእኛ በር የተዘጋው የእርሷ ስለተከፈተ ነው። ከዚያ ወጥተን ለእርሷና ለመሰሎቿ "በሩን ዝጉ" ብለን እናስተምራለን።

ጌታ ስለ እልፍኝና ስለ መዝጊያ የተናገረበትን ክፍል (ማቴ. 6፥5-6) እንደ ገና ብንመለከተው፣ ጉዳዩ ጫጫታ አይደለም። በምኵራብና በአደባባይ ቆመው ሰው እንዲያያቸው ስለሚጸልዩ ግብዞች ነው የሚናገረው። በሩ የሚዘጋው በተመልካች ላይ ነው እንጂ በልጆች ላይ አይደለም። ሕፃን አዝላ፣ ማንም ሳያያት፣ ሊጥ እያቦካች በልቧ የምትጸልይ እናት ከእኛ ከመድረክ ሰዎች ይልቅ ለዚያ እልፍኝ ትቀርባለች ብንል ጽሑፉን አላጣመምንም። በምድረ በዳም ለዕረፍት ገለል ብሎ የነበረው ጌታ ሕዝቡ ቀድሞት ሲጠብቀው አዘነላቸው እንጂ አልተቈጣም (ማር. 6፥31-34)። እርሱ የተቈጣው ልጆችን ይዘው የመጡትን የከለከሉ ጊዜ ነው፤ ከልካዮቹም አገልጋዮች ነበሩ (ማር. 10፥13-14)።

አንዳንድ ወንድሞች፣ "ታዲያ ጥሞናን ልትሽሩት ነው?" ይሉናል። አይደለም። ጌታ ራሱ ሌሊት ተነሥቶ ብቻውን ጸልዮአል (ማር. 1፥35)። እኛ የምንቃወመው፣ ባሎችና አገልጋዮች ሁኔታውን ሳያመቻቹ ሚስቶችንና እናቶችን በግዴታው መጠየቃቸውን ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የምንጠቅሳት ሱዛና ዌስሊ ናት። 19 ልጆች ወልዳ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው የቀበረች፣ የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት። መጸለይ ስትፈልግ ሽርጧን ራሷ ላይ ትገለብጥ ነበር፤ ልጆቹም እንዳይረብሿት ያውቁ ነበር ይባላል። ይህን በየሴቶች ጉባኤ እንተርካለን፤ "እሷ ከቻለች እናንተስ?" እያልን። ባሏስ የት ነበር ብለን ግን አንጠይቅም። ሳሙኤል ዌስሊ የኤፕዎርዝ ቄስ ሲሆን፣ በ1712 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን ደብዳቤዋን ስትጽፍለት እርሱ ለቤተ ክህነት ጉባኤ ለንደን ነበር። በዚያ ደብዳቤ ከልጆቿ ጋር በየምሽቱ በተራ ለብቻቸው እንደምትነጋገር ነገረችው፤ ሐሙስ የጆን፣ ቅዳሜ የቻርልስ ነበር። ታሪኩን ለእናቶች ብቻ ሳይሆን በጉባኤ ስም ከቤት ለምንጠፋ ለእኛም መተረክ ነበረብን።

የእኛ እናቶች ደግሞ ከዚህም የባሰ ሸክም አለባቸው። ወደ ፎገራ ሜዳ ውረዱ፤ ሐምሌና ነሐሴ የሩዝ አረም ነው። ሕፃን አዝለው ጕልበት በሚደርስ ጭቃና ውሃ ውስጥ አጎንብሰው የሚውሉ እኅቶች በጉባኤያችን አሉ። ሩዙ ከመስፋፋቱ በፊት ያ ረባዳ መሬት በክረምት ውሃ ይተኛበት ነበር፤ አሁን እንጀራ ሆኗል፣ ጌታ ይመስገን። ግን እንጀራው ከእነርሱ ወገብ ነው የሚወጣው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭቱ ምክንያት ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ ለብዙዋ እናት ልጆች ቤት የሚውሉበት ጊዜ ሁለት ወር መሆኑ ቀርቶ ዓመት ሆኗል። ለእንዲህ ያለች እኅት የአንድ ሰዓት ጥሞና መርሐ ግብር አባዝቶ መስጠት ምን ይባላል? በእኛ ግምት፣ የማይነሣ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው፤ ጌታም ይህን የሚያደርጉትን መምህራን ወቅሷል (ማቴ. 23፥4)።

እናቲቱ በማግስቱ 5 ሰዓት ላይ በሰላም ደረሰች። ከባጃጁ ሳትወርድ ወንዱ፣ "አባዬ መታኝ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም እሺ አልኩ" ብሎ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። እርሷ እኛን ቀና ብላ አየችን፤ ምንም አልተናገረችም። ማታ ግን፣ "በዚህ ቤት ይቅርታ ሲጠየቅ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠይቀው" አለችን። ለረጅም ጊዜ ያስተማርነው ትምህርት በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተመዘነ።

ቅዳሜ ያለ ማስታወሻ ቆመን ይህንኑ ነገርናቸው። ከአባቶች አንዳንዶቹ አልወደዱትም፤ "መድረክ ላይ ይህ ይነገራል?" ያሉ ነበሩ። ሦስት አባቶች ግን ቆይተው አነጋገሩን። ከእነርሱ ጋር የተስማማነው ቀላል ነገር ነው፤ እናቶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲጸልዩ ልጆቹን የምንይዘው እኛ ወንዶቹ ነን። የመጀመሪያው ሐሙስ 17 ልጆች መጡ፤ ዝናብም ነበረ። እኛም አሮጌ የኮሌጅ ደብተራችንን ይዘን ሄድን።