የጋራ ኮምፒውተር፣ የግል መረጃ፦ የቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ ማንን ይጠብቃል?

ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ አራብሳ ባሉት የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ መንደሮች የሚኖር ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ ዛሬ ኮምፒውተር የሚፈልገው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ይፈልገው ከነበረበት በተለየ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ በቦሌና በሃያ ሁለት አካባቢ በብዛት ወደነበሩት የኢንተርኔት ካፌዎች የሚገባው ሰው ኢሜይሉን አይቶ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ጋር ተጻጽፎ፣ የዲቪ ወቅት ሲደርስም ፎርሙን አስሞልቶ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ ከዕለት ኑሮው ጋር ተሳስሯል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። የፈተና ውጤት በድረ ገጽ ይታያል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ቁጥር የበርካታ አገልግሎቶች መግቢያ እየሆነ መጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብርም ሥልጠናውን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው።

እርግጥ ነው፣ ብዙው ወጣት ስልክ በእጁ አለው። ይሁን እንጂ በስልክ ውጤት ማየት ሌላ፣ ባለ ብዙ ገጽ ማመልከቻ መሙላት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማዘጋጀት ወይም የፕሮግራሚንግ ኮድ መጻፍ ሌላ ነው። በቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ለእነዚህ ሥራዎች ያለው ተስፋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣቶች ማዕከል ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ትልቅ አማራጭ እንደሆነ ይታወቃል። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለው ወመዘክርም አለ። ሁለቱም ግን ለአያት ወይም ለሰሚት ነዋሪ ቅርብ አይደሉም። ከአያት በቀላል ባቡር መገናኛ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ በታክሲ 4 ኪሎ የሚደርስ ተማሪ የቀኑን ጥሩ ክፍል በመንገድ ያሳልፋል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲደራጅ ከቦሌና ከየካ የወሰዳቸው መንደሮች አብዛኞቹ አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በመሆናቸው፣ የነዋሪው ቁጥር ከንባብ አዳራሾቹ ቁጥር ቀድሞ አድጓል። በመሆኑም በየአካባቢው በሚገኝ አንድ ክፍል ውስጥ የተደረደሩት ጥቂት ኮምፒውተሮች ትልቅ ሸክም ተሸክመዋል። የሚተዳደሩትም ብዙውን ጊዜ ኃላፊው ራሱ ጽፎ በግድግዳ ላይ በለጠፈው ደንብ ነው።

እነዚህ ደንቦች በይዘታቸው ይመሳሰላሉ። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መነጋገር፣ ፊልም ማውረድ፣ ፍላሽ መሰካት ይከለከላል፤ ከተመደበው ሰዓት በላይ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ንብረት ያበላሸ ይጠየቃል። ሁሉም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ደንቡ በሙሉ የሚጠብቀው ማሽኑን ነው። በማሽኑ ላይ የሚቀመጠውን ሰው መረጃ ከቀጣዩ ተጠቃሚ የሚጠብቅ አንቀጽ እምብዛም አይገኝም። የዜጎች የግል ሕይወት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ ይህ ክፍተት እንደ ቀላል ጉዳይ የሚታለፍ አይደለም።

ችግሩ በግልጽ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። አንዲት ተማሪ ኢሜይሏን ከፍታ ማመልከቻ በመሙላት ላይ ሳለች ኃይል ይቋረጣል እንበል። ጥቂት ጠብቃ፣ ሰዓቷም ስላለቀ፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ሲመለስ በዚያው ወንበር የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ብሮውዘሩን ሲከፍት በአግባቡ ሳይዘጋ የቀረውን ገጽ መልሶ ይክፈት እንደሆነ ይጠየቃል። «አዎ» ካለ የተማሪዋ ገጾች አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ አካውንቷም ብዙውን ጊዜ እንደተከፈተ ይገኛል። ተማሪዋ ያጠፋችው ነገር የለም፤ «ሲጨርሱ አካውንትዎን ይዝጉ» የሚለው የግድግዳ ማሳሰቢያም አልረዳትም፤ ምክንያቱም ለመዝጋት ጊዜ አላገኘችም። ኃይል በሚቆራረጥበት ከተማ የሚጻፍ የኮምፒውተር ደንብ ይህንን ሁኔታ ቀዳሚ ርእሱ ሊያደርገው ይገባል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ መነሻ ሁኔታው የሚመለስበት፣ የቀደመውን ተጠቃሚ ገጾችና የወረዱ ፋይሎች ሁሉ የሚያጠፋ ሶፍትዌር በትምህርት ቤቶችና በቤተ መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ከታወቀ ቆይቷል። ይህን መጫን ባይቻል እንኳ ብሮውዘሩ ሁልጊዜ በግል መስኮት፣ ማለትም ታሪክ በማይመዘግብበት ሁኔታ፣ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የተከፈተ ገጽ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አብሮ አይመለስም። የሚያስፈልገው የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራና በደንቡ ውስጥ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማንም ተጠቃሚ ከመቀመጡ በፊት ሠራተኛው ኮምፒውተሮቹን እንደ አዲስ ያስነሣል።

የፍላሽ ክልከላም እንደገና ሊታይ የሚገባው ነው። ክልከላው የመጣው ቫይረስን በመፍራት ነው፤ በፍላሽ ተዛምቶ ፋይሎችን እየደበቀ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳየውን ቫይረስ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ሆኖም ፍላሽ የተከለከለ ሰው ሰነዱን ይዞ አይመለስም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ቴሌግራምን በኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ የዲግሪውን፣ የመታወቂያውንና የፓስፖርቱን ቅጂ በዚያ ያወርዳል። ፋይሉ በማውረጃ ፎልደሩ ውስጥ ይቀራል፤ ቴሌግራሙም ካልተዘጋ ለቀናት ክፍት ሊቆይ ይችላል። በአንድ ቫይረስ ፈንታ የአንድ ሰው ሙሉ ደብዳቤ ለማያውቀው ሰው ተላልፎ ተሰጠ ማለት ነው። በጸሐፊው እምነት ፍላሽን ከመከልከል ይልቅ አንድ ኮምፒውተር ለቫይረስ ምርመራ መድቦ በዚያ በኩል ማሳለፍ የተሻለ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምዝገባ ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልክ ቁጥሩንና የገባበትን ሰዓት በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ መዝገብ ያሰፍራል። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ የኢንተርኔት ካፌዎች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ አዝዞ ነበር። ምዝገባ ጨርሶ አያስፈልግም ማለትም አይቻልም፤ በአንድ የቤተ መጻሕፍት መስመር ማጭበርበር ወይም ማስፈራራት ቢፈጸም፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ወንበር ማን እንደተቀመጠ ማወቅ ንጹሐንን ከጥርጣሬ ያድናል። ጥያቄው ምን ያህል መረጃ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ማን እያየው የሚለው ነው።

ክፍት መዝገብ የሚያስከትለውን ጉዳት ይበልጥ የሚያውቁት ወጣት ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የሚፈርም ማንኛውም ሰው ከላይ ያለውን መስመር አንብቦ ስምና ስልክ ቁጥር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ማታ ከማይታወቅ ቁጥር የሚደወል ስልክ ምንጩ ይህ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ተቋም ጥቂት ነው። የዳታ ጥበቃ አዋጁ መሠረታዊ መርሖች መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ከዓላማው በላይ እንዳይሰበሰብና ዓላማው ሲያበቃ እንዳይቆይ ይጠይቃሉ። ከዚህ አንጻር የወንበሩ ቁጥር፣ የተጠቃሚው ስም፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት በቂ ነው። ስልክ ቁጥር አያስፈልግም። መዝገቡንም ተጠቃሚው ሳይሆን ሠራተኛው ይጻፈው፤ ሥራ ሲያበቃም ይቆለፍበት። መታወቂያ ማየት ተገቢ ሆኖ ሳለ እስከ መውጫ ድረስ በመያዣነት ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመሳቢያ ውስጥ የተከማቸ የሰው መታወቂያ ሲጠፋ ወይም ሲገለበጥ ተጠያቂው ያው ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

አንዳንድ ኃላፊዎች ተጠቃሚው የጎበኛቸውን ድረ ገጾች ሳይቀር መመዝገብ ሕግ የሚጠይቅ ይመስላቸዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይደነግጋል። የትራፊክ ዳታ ማለት የግንኙነቱ መነሻና መድረሻ፣ ሰዓቱ፣ የቆይታው ርዝመትና የመሳሰለው እንጂ ሰው የጻፈውና ያነበበው ይዘት አይደለም። ይህ ደግሞ በሲስተሙ የሚቀመጥ ቴክኒካዊ መረጃ ነው። ሠራተኛው ከተጠቃሚው ትከሻ በስተጀርባ ቆሞ በማስታወሻ ደብተር የሚይዘው ዝርዝር በአዋጁ የታሰበ ነገር አይደለም።

ደንብ ጨርሶ የማይነካው አንድ ጉዳይ ደግሞ የእርዳታ ጉዳይ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የጽሕፈት መኪና ይዘው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት የባለጉዳዩ ብዕር ሆነው አገልግለዋል። ባለጉዳዩ ጉዳዩን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ይጽፉለታል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ዛሬ ያንን ሚና የወረሰው ብዙ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ እስቲ ይህን ሙላልኝ» ሲሉ እምቢ የሚል ሠራተኛ አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው ወረቀቱን ይሰጣል፤ የኮምፒውተሩ ጸሐፊ ግን ሳይፈልግም ቢሆን የባለጉዳዩን የይለፍ ቃል፣ የፋይዳ ቁጥርና በስልክ የተላከ የአንድ ጊዜ ሚስጥር ቁጥር ይዞ ይቀራል። የዲቪ ልምድ እዚህ ላይ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፦ ፎርሙን የሞላላቸው ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩን ካስቀረባቸው፣ አመልካቾቹ ዕጣው ይድረሳቸው አይድረሳቸው ለማየት እንኳ የእርሱን ፈቃድ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ደንቡ ሠራተኛው እንዲረዳ መፍቀድ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚረዳ መወሰን አለበት። ሠራተኛው ያሳያል፣ ያነብባል፣ ያብራራል፤ የይለፍ ቃልና ሚስጥር ቁጥር ግን ባለቤቱ ራሱ ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ ከሚያምነው ቤተሰብ ጋር እንዲመጣ ይመከራል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጥ ፎርም ሲሞላ ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሠራተኛው በራሱ ስልክ ፎቶ አያነሣውም። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሠራተኛውንም ይጠብቀዋል፤ ነገ አካውንቴ ተነካ የሚል ቢመጣ ጣት የሚቀሰርበት እርሱ ነውና።

ስለ ሰዓት ገደብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ውጤት ለማየት የመጣን ሰውና የኮደርስ ትምህርት የሚከታተልን ሰው በአንድ የ30 ደቂቃ ገደብ ማስተናገድ ሁለተኛውን መከልከል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ወንበሮችን ለአጭር ጉዳይ መድቦ ሌሎቹን በቀጠሮ ለረጅም ሥራ መስጠት ይቻላል። በየኮምፒውተሩ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ተስተካክሎ ቢቀመጥም፣ ሰዎች አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እየገለበጡ የሚያባክኑት ጊዜ ይተርፋል።

ድረ ገጽ የማገድ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ልጆች በሚቀመጡበት ኮምፒውተር ላይ ማጣሪያ መኖሩ አያከራክርም። የሚያከራክረው ማጣሪያው ለአዋቂም ያው ሲሆን ነው። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ የፌዴራል ድጎማ የሚቀበሉ ቤተ መጻሕፍት ማጣሪያ እንዲጭኑ አስገድዷል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሕጉ በ2003 ሲጸና፣ ለአዋቂ ተጠቃሚ ማጣሪያው በጥያቄው ሊነሣለት መቻሉ ከውሳኔው ምክንያቶች አንዱ ነበር። በእኛም ሁኔታ መረጃ የመፈለግና የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ሕግ መረጃ የሚፈልግ አዋቂ ገጹ ቢዘጋበት ለማን እንደሚያመለክት በደንቡ ተጽፎ ሊገኝ ይገባል።

ደንቦቹ እስኪሻሻሉ ድረስ በጋራ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ነዋሪዎች በራሳቸው ሊያደርጉ የሚችሉት አለ። ብሮውዘሩ የይለፍ ቃልዎን ያስቀምጥ እንደሆነ ሲጠይቅዎ «አይ» ይበሉ። ያወረዱትን ሰነድ ሲጨርሱ ከማውረጃ ፎልደሩም ከቆሻሻ መጣያውም ያጥፉ። መብራት ጠፍቶብዎት ወይም ቸኩለው አካውንትዎን ሳይዘጉ ከወጡ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መመለስ የግድ አይደለም፦ በስልክዎ ላይ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተው፣ በጂሜይልም የአካውንትዎን የደኅንነት ገጽ ገብተው፣ የተከፈተበትን ኮምፒውተር ከዝርዝሩ ለይተው ከርቀት መዝጋት ይችላሉ። ከዚያም የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ።